ለአዲስ ምርት የመጀመሪያውን ደንበኛ አምጪ መንገድ ፈልጎ ማግኘት፦ በሐዋሳ ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ምርቱን ሠርቶ ለጨረሰ፣ ገዥው ከየት እንደሚመጣ ግን ላላወቀ ጀማሪ ነው። በሐዋሳ በዚህ ሥራ የሚደክሙ ወጣቶችን ሳነጋግር ደጋግሜ የማየው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፦ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በአንድ ወር ውስጥ ለባጃጅ ስቲከር፣ ለቴሌግራም ማስታወቂያ፣ ለበራሪ ወረቀትና ለሬዲዮ ይበትኗታል፤ በወሩ መጨረሻ ሠላሳ ሰው ቢመዘገብ እንኳ የትኛው መንገድ እንዳመጣው የሚናገር ማስረጃ በእጃቸው አይኖርም። እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ ይህንኑ አድርጌ ገንዘቡ አልቋል፤ ያተረፍኩት ዕውቀት ግን አልነበረም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ነገር ብቻ ለማስገኘት የታሰበ ነው፤ እርሱም ወጪው የሚታወቅ፣ ሲደገም የሚሠራ፣ ያመጣቸው ሰዎችም የሚቆዩበት አንድ መንገድ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ምርት ይዘን እንሄዳለን፦ ባለ ሱቆች ዱቤ የሚመዘግቡበት፣ ተበዳሪውን በአጭር መልእክት የሚያስታውስ፣ በወር 150 ብር የሚከፈልበት የስልክ መተግበሪያ። ምርቱም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት የብር ስሌቶች ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፤ በቦታቸው የእርስዎን ይተኩ።

ከመጀመርዎ በፊት

ሦስት ነገሮች ካልተሟሉ ሙከራውን አይጀምሩ።

የመጀመሪያው፣ ምርቱ የያዘውን ሰው የማይለቅ መሆኑ ነው። ዘመድ፣ የክፍል ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ያልሆኑ ቢያንስ 10 ሰዎች ምርቱን ለሦስት ሳምንት ሳያቋርጡ እንደተጠቀሙበት ከመዝገብዎ ያረጋግጡ። ከአሥሩ ሰባቱ በሁለተኛው ሳምንት ከተዉት ችግሩ ያለው ከምርቱ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ማስታወቂያ መጨመር በወንፊት ውኃ መቅዳት ይሆናል። ወደ ምርቱ ተመልሰው ያስተካክሉ።

ሁለተኛው ለስምንት ሳምንት የሚበቃ ጊዜና ገንዘብ ነው። የሙከራውን ገንዘብ ከኪራይና ከደመወዝ ለይተው በሌላ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ካልተለየ በሁለተኛው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ይወጣል፣ ሙከራውም ሳያልቅ ይቋረጣል።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይያዙ፦ የተነጋገራችሁበት ቀን፣ የመጣበት ምንጭ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ በ14ኛው ቀን እየተጠቀመ መሆን አለመሆኑ፣ መክፈል አለመክፈሉ። ወጪዎችን በሌላ ገጽ በቀናቸው ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሠራተኛዎ በደብተር የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ስልኩና መተግበሪያው ብዙውን ጊዜ የሚመዘግቡት በአውሮፓውያን ነው። በሰዓትም እንዲሁ፤ ሠራተኛው «2 ሰዓት» ያለው ጠዋት በሥርዓቱ ላይ 8 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ገና ከመጀመሪያው ቀን አንዱን አቆጣጠር ወስነው ሁሉንም በእርሱ ያስጽፉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት መዝገቦችን ማስታረቅ አቅቷቸው የወር ድካማቸውን የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 1፦ ደንበኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ሱቅ ያለው ሁሉ» የሚለው አይበቃም። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፉ፦ «በታቦርና በመናኸሪያ ክፍለ ከተሞች ለሠፈሩ ነዋሪ በዱቤ የሚሸጥ፣ ከ20 በላይ ተበዳሪ ያለበት፣ ስማርት ስልክ የሚጠቀምና ሱቁ ውስጥ ራሱ የሚውል ባለ ሱቅ»። የመጨረሻዋን ሐረግ በከንቱ አላስገባኋትም። በብዙ ሱቆች ቀን የሚቆመው የባለቤቱ ዘመድ ወይም ቅጥር ልጅ ነው፤ ባለቤቱ የሚመጣው ሒሳብ ለመዝጋት ማምሻውን ነው። መወሰን ለማይችል ሰው ሲያስረዱ መዋል ሙከራውን ሁሉ ያበላሻል።

ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ አንድ ጠዋት ወጥተው በእግርዎ ይቁጠሩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ሱቅ አሥር እንኳ ካላገኙ ዓረፍተ ነገሩን ያስፉ ወይም ሠፈሩን ይቀይሩ።

ደረጃ 2፦ ያሉዎት ደንበኞች የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ ይከተሉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን የሥራው ግማሽ ያለው እዚህ ነው። ምርቱን ከሚጠቀሙት መካከል ከ8 እስከ 12 ሰዎች መርጠው በአካል ያነጋግሩ። በስልክ አይጠይቁ፤ በስልክ የሚያገኙት መልስ ባለ ሱቁ ፊቱ የቆመውን ገዥ ለማስተናገድ እየቸኮለ የሚሰጠው መልስ ነው። የጠዋቱ የዳቦና የስኳር ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ።

«ማስታወቂያችንን የት አዩት?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሰውየውን ይሉኝታ ውስጥ ይከተዋል፤ እንዳያስቀይምዎ ሲል «ፌስቡክ ላይ ያየሁት መሰለኝ» ይልዎታል፣ እርስዎም በዚያች ቃል ተመርተው ገንዘብ ያፈሳሉ። በዚህ ፈንታ የሆነውን እንዲተርክልዎ የሚያደርጉ ጥያቄዎች ያቅርቡ፦

1. «ይህን ከመያዝዎ በፊት ዱቤውን በምን ይመዘግቡ ነበር? ደብተሩን ቢያሳዩኝ?»
2. «ደብተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ያስቸገረዎት መቼ ነው? ያን ዕለት ለማን ነገሩት?»
3. «ለሱቁ አዲስ ዕቃ፣ ሚዛንም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገዙት መቼ ነው? ከመግዛትዎ በፊት ማንን አማከሩ?»
4. «በየሳምንቱ ሳይቀር ወደ ሱቅዎ የሚመጣ አከፋፋይ ወይም ሻጭ ማን ነው?»
5. «ቴሌግራም ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚገቡት የት ነው? አሁን ከፍተው ቢያሳዩኝ?»

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ለማን ነገሩት» የሚለው ቃል እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሰው ችግሩን የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ መፍትሔውንም የሚቀበለው ከእርሱ ነው። በአምስተኛው ላይ ደግሞ የሚናገረውን ከመስማት ይልቅ ስልኩ ላይ የሚታየውን ይመልከቱ። የንግድ ዜና ቻናል እከታተላለሁ ያለ ሰው ስልኩ ሲከፈት ያላነበባቸው መልእክቶች ተቆልለው፣ በየቀኑ የሚያነበው ግን የጅምላ ነጋዴው የዘይትና የስኳር ዋጋ የሚለጥፍበት ቡድን ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያ ቡድን ለእርስዎ ከማንኛውም ትልቅ ቻናል ይበልጣል።

ከንግግሩ በኋላ የተጠቀሱትን ሰዎችና ቦታዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ ከሦስት ሰዎች በላይ የጠቀሷቸውን ያክብቡ።

ችግር ቢገጥምዎ፦ መልሶቹ ተበታትነው አንድም የሚደጋገም ነገር ካልወጣ፣ የደረጃ 1 ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎችን ቀላቅሏል ማለት ነው። ለምሳሌ የሠፈር ሱቅና በአሮጌ ገበያ ውስጥ ያለ መደብር ገበያቸውም አማካሪያቸውም ይለያያል። ለሁለት ከፍለው አንዱን ብቻ ይያዙ። ባለ ሱቁ ደብተሩን ማሳየት ካልፈለገ አይጫኑት፤ የሰው ዕዳ የተጻፈበት ነውና መከልከሉ ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ እጩዎቹን ወደ ሦስት ያውርዱ

ከደረጃ 2 የወጡትንና ራስዎ የሚያስቧቸውን መንገዶች ይዘርዝሩ፤ ከአሥር አይብለጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄዎች ያንሡ፦ በዓረፍተ ነገሩ የተጻፈው ሰው በእርግጥ እዚያ ይገኛል? ውጤቱ በሁለት ሳምንት ሊታወቅ ይችላል? ከሙከራው ገንዘብ አንድ ሦስተኛውን ሳያልፍ ሊሞከር ይችላል? ሦስቱንም የማያልፈውን ይሰርዙ።

ሲመርጡ የሚከተሉትን ያስቡ።

በእግር ከሱቅ ሱቅ መዞር አድካሚ ነው፤ ቢሆንም በመጀመሪያ ዙር ሁልጊዜ ከሦስቱ አንዱ እንዲሆን እመክራለሁ። ምክንያቱም የሚያስተምርዎ ይህ ብቻ ነው፤ ሰውየው በየትኛው ቃል ላይ ፊቱ እንደተቋጠረ ማስታወቂያ አይነግርዎትም።

በጅምላ አከፋፋይ በኩል መሄድ ለሱቅ ምርት ጠንካራ መንገድ ነው፤ አከፋፋዩ ቀድሞውኑ ይታመናል፣ በየሳምንቱም ይመጣል። ድካሙ ያለው አከፋፋዩን ራሱን በማሳመን ላይ ነው። እርሱን የሚገደው የእርስዎ ምርት ሳይሆን የራሱ ገንዘብ በጊዜው መመለሱ ነውና፣ ባለ ሱቁ ዱቤውን ሲሰበስብ ለአከፋፋዩ ያለበትን ዕዳ እንደሚከፍል በማስረዳት ይጀምሩ።

በቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ ሲገዙ የአባላቱን ብዛት አይመልከቱ፤ አባል በገንዘብ ይገዛል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ካለችው የዐይን ምልክት አጠገብ የተጻፈውን የተመልካች ቁጥር ይመልከቱ፤ ከተለጠፉ አንድ ቀን የሞላቸውን አሥር ጽሑፎች ወስደው አማካዩን ያስሉ። 40,000 አባል ያለው ቻናል በቀን 900 ተመልካች ብቻ ካለው ዋጋውን በ900 ላይ ይደራደሩ። ከ900ው ውስጥ ስንቱ ሐዋሳ እንደሚኖርም ሊያውቁ ስለማይችሉ፣ በከተማው ኪራይ ቤት ወይም በከተማው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ቻናል ይምረጡ።

ፌስቡክ ላይ ለማስተዋወቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ በአማላጅ የሚያስከፍሉ ከሆነ የአማላጁን ኮሚሽን በወጪው ላይ መደመርዎን አይርሱ፣ የማስታወቂያው መቆጣጠሪያም በእርስዎ ስም እንዲሆን ይጠይቁ።

የባጃጅ ስቲከር ከፒያሳ እስከ አቶቴ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ከሚያየው ሰው ግን ባለ ሱቅ የሆነው ጥቂት ነው። ለሁሉም ሰው የሚሆን ምርት ከሌለዎት ይተዉት። በውጭ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚገዛ ሥራ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ከመለጠፍዎ በፊት ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቁ። ሬዲዮን ለመጀመሪያ ዙር አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያመጣው ሰው ትንሽ ነው፣ ደጋግሞ ለማስነገር ደግሞ የጀማሪ ኪስ አይበቃም።

ምርትዎ ለተማሪ ወይም ለፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ጊዜውን ይጠንቀቁ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በፈተና ሳምንትና በዕረፍት ወቅት የተደረገ ሙከራ አያስተማምንም። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች ደግሞ በር ላይ ፈረቃ ሲወጡ አያስቁሟቸው፤ ደክሟቸዋል፣ መኪናም ያመልጣቸዋል። በዕረፍት ቀናቸው ተከራይተው በሚኖሩበት ሠፈር ያግኟቸው።

ደረጃ 4፦ ለአንድ ደንበኛ የሚከፍሉትን ጣሪያ ይወስኑ

ጣሪያውን ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይጻፉ፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚጻፍ ጣሪያ ሁልጊዜ ወደሚፈልጉት ይሳባል።

ከወርሃዊው 150 ብር ላይ ለአጭር መልእክትና ለመሳሰለው የሚወጣውን 30 ብር ይቀንሱ፤ 120 ብር ይቀራል። ደንበኛ ስንት ወር እንደሚቆይ አዲስ ድርጅት ገና ስለማያውቅ ሦስት ወር ብቻ ይቁጠሩ፦ 120 በ3 ሲባዛ 360 ብር። እንግዲህ አንድ የሚቆይ ደንበኛ ለማግኘት ከ360 ብር በላይ ካወጡ መንገዱ አያዋጣም። «አንድ ዓመት ይቆዩልኛል» ብለው ጣሪያውን ወደ 1,440 ብር አያንሡት፤ ሳይታወቅ ገንዘብ የሚጨርሰው ይህ ተስፋ ነው።

የራስዎን ድካምም በዋጋ ይቁጠሩ። በቀን 500 ብር ለሠራተኛ የሚከፍሉ ከሆነ እርስዎ ራስዎ የዞሩበትም ቀን 500 ብር ተብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ በእግር መዞር ነጻ መስሎ ሁሉንም መንገዶች ያሸንፋል።

ደረጃ 5፦ ለእያንዳንዱ መንገድ የምንጭ ምልክት ይስጡ

ይህ ደረጃ ከተበላሸ የሚቀጥሉት ሁሉ ዋጋ የላቸውምና በጥንቃቄ ይሥሩት።

1. ለእያንዳንዱ መንገድ አጭርና በአፍ የሚነገር የመመዝገቢያ ቃል ይስጡ፤ ለምሳሌ በእግር ለተገኘ «ጣና»፣ በአከፋፋይ ለተገኘ «ዓባይ»። ቃሉን በምዝገባው ላይ ያስገባ ሰው የመጀመሪያውን ወር በግማሽ ዋጋ እንዲያገኝ ያድርጉ፤ ጥቅም ከሌለው ማንም አያስገባውም። የቀነሱትን 75 ብር በመንገዱ ወጪ ላይ ይደምሩ፤ ቅናሹ ግን ለሁሉም መንገዶች እኩል ይሁን።
2. በቴሌግራም ቦት (በቴሌግራም ውስጥ በራሱ መልስ በሚሰጥ ፕሮግራም) የሚያስመዘግቡ ከሆነ ለእያንዳንዱ መንገድ የተለየ መግቢያ አድራሻ ይፍጠሩ። ቴሌግራም በቦቱ አድራሻ መጨረሻ ላይ እስከ 64 ምልክት የሚደርስ መለያ ይቀበላል፤ የላቲን ፊደል፣ አኃዝ፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ ብቻ እንጂ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም።
3. ቦት ከሌለዎትና ቻናል ብቻ ካለዎት፣ በአስተዳዳሪነት ገብተው በርካታ የመጋበዣ አድራሻዎች ይፍጠሩ፤ በእያንዳንዱ ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ያሳይዎታል።
4. በወረቀት ለሚሄደው ያንኑ አድራሻ በኪውአር ኮድ ያትሙ። ከማባዛትዎ በፊት አንዷን አትመው፣ ካሜራው ደከም ባለ ስልክ፣ ሱቅ ውስጥ ባለው ብርሃን ይፈትሿት።
5. በመጨረሻም የተመዘገበውን ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ደውለው «ስለ እኛ የነገረዎት ሰው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምልክቱና ቃሉ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፉ።

ችግር ቢገጥምዎ፦ ቃሉ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ተሻግሮ፣ በእግር ካልደረሱበት ሠፈር «ጣና» የሚሉ ሰዎች መምጣት ከጀመሩ አይደንግጡ፤ ደንበኛ ደንበኛን እያመጣ ነው። እነዚህን «በሰው» በሚል ለብቻ ይቁጠሩ፤ ቁጥራቸው ካደገ በሚቀጥለው ዙር ዋናው እጩ ይህ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቴሌግራም ቡድኖች የሰዎችን ስልክ ቁጥር እየለቀሙ መልእክት አይላኩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ያለ ሕጋዊ መሠረት መጠቀምን ይከለክላል፤ ከሕጉም ባሻገር የሰው ዕዳ ልትይዝ የተሠራች መተግበሪያ በዚህ መልክ ከተዋወቀች ማንም አያምናትም።

ደረጃ 6፦ አንድ መልእክት ያዘጋጁ

በሦስቱም መንገዶች የሚነገረው ፍሬ ነገር አንድ ይሁን፤ መልእክቱም መንገዱም አብረው ከተለወጡ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። መልእክቱን ከደረጃ 2 ንግግር ውስጥ፣ ከባለ ሱቆቹ አፍ የወጣውን ቃል ሳይቀይሩ ይውሰዱ። አንዱ «ሰውየውን ስጠይቀው ወዳጅነታችን ይበላሻል» ካለዎት፣ «ዱቤዎን እርስዎ ሳይጠይቁ ስልክዎ ያስታውስልዎታል» ብለው ይጀምሩ። «ዘመናዊ የዲጂታል ፋይናንስ መፍትሔ» የሚል ነገር አይጻፉ።

በአማርኛና በሲዳምኛ ያዘጋጁ። ትርጉሙን ለማሽን አይስጡ፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነና ሱቅ የሚያውቅ ሰው ያስነብቡ።

ደረጃ 7፦ ሙከራውን አንድ በአንድ ያካሂዱ

ለእያንዳንዱ መንገድ ሁለት ሳምንት ይስጡ፤ ሦስቱን በተከታታይ እንጂ በአንድ ጊዜ አያካሂዱ። ሁለት ሠራተኞች ካሉዎትና ሠፈሮቹ በደንብ የተለያዩ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱ በታቦር ሌላው በአላሙራ አቅጣጫ ከሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ቀኑን ይምረጡ። የፋሲካ፣ የመስቀልና የአረፋ ሳምንቶችን ይዝለሉ። የሲዳማ አዲስ ዓመት የሆነው ፍቼ ጫምባላላ ቀኑ በአያንቶዎች (በሲዳማ የዘመን ቆጠራ አዋቂ አባቶች) ስለሚወሰን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቁ። ከበዓል በፊት ባለ ሱቅ ለንግግር ጊዜ የለውም፣ ከበዓል በኋላ ደግሞ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ሳምንቶችም አንድ የደመወዝ ሰሞን ይንኩ፤ ዱቤ የሚከፈለው ያኔ ነውና ምርቱ ጥቅሙን የሚያሳየው በዚያ ቀን ነው።

በእግር የሚደረገውን እንዲህ ያስኪዱ፦

1. በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ራስዎ ይዙሩ፤ ሠራተኛው አብሮ ይመልከት እንጂ አይናገር።
2. በእያንዳንዱ ሱቅ ከ7 ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ገበያተኛ ከመጣ ንግግሩን አቁመው ወደ ጎን ይበሉ።
3. ስለ ምርቱ ከማውራት ይልቅ የአንድ ተበዳሪ ዱቤ በባለ ሱቁ ስልክ ላይ ራሱ እንዲመዘግብ ያድርጉ። መዝግቦ ያየ ሰውና ሰምቶ የቀረ ሰው እጅግ ይለያያሉ።
4. ከሱቁ እንደወጡ፣ ወደ ሚቀጥለው ሳይገቡ፣ መስመሩን ይሙሉ። ማታ ከትዝታ አይሙሉ።
5. ሱቁን በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሰው ይጎብኙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 14ኛው ቀን ይተዉት። በየቀኑ እየጎበኙ ያቆዩት ደንበኛ የሚቆየው ለምርቱ ሳይሆን ለእርስዎ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «እሺ» ደንበኝነት አይደለም። በእኛ አገር ደጅ ድረስ የመጣን ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ «እሺ፣ ጎበዞች ናችሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ» ይባላል። ይህን በመዝገቡ ላይ «ፍላጎት አለው» ብለው ከጻፉ ሙከራዎ ሁሉ ያማረ ይመስላል። የሚጻፉት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ተመዘገበ፣ በ14ኛው ቀን እየተጠቀመ ነው፣ ከፈለ።

በአከፋፋይ በኩል ሲሞክሩ ሦስት ወይም አራት አከፋፋዮችን ያነጋግሩና ከአንዱ ጋር ብቻ ይጀምሩ። ክፍያውን በተመዘገበ ሱቅ ሳይሆን በ14ኛው ቀን በሚጠቀም ሱቅ ልክ ያድርጉት፤ በምዝገባ ልክ ከከፈሉ የማይሠሩ ስልኮች ይመዘገቡልዎታል። ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ።

ችግር ቢገጥምዎ፦ በሁለቱ ሳምንት መካከል መብራት ወይም ኢንተርኔት ለቀናት ከተቋረጠ፣ የተቋረጡትን ቀናት በመጨረሻው ላይ ይጨምሩ እንጂ እንደ ተሠራባቸው አይቁጠሩ። ሠራተኛዎ ከታመመ ሌላ ሰው አይተኩ፤ አቁመው ይጠብቁት። የሰው አነጋገር ውጤቱን ስለሚለውጥ በአንድ ሙከራ ውስጥ ሁለት ተናጋሪ መኖር የለበትም።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ያንብቡ

ሦስቱ ሙከራዎች እንዲህ ወጥተዋል እንበል።

በእግር፦ 50 ሱቆች ተጎበኙ፤ ወጪው የሁለት ቀን ሥራ 1,000 ብርና መጓጓዣ 100 ብር ነው። 6 ተመዘገቡ፣ 4 ቆዩ፤ ማለትም በ14ኛው ቀን እየተጠቀሙ ነበር። በአንድ ደንበኛ 275 ብር።

በአከፋፋይ፦ ለማሳመንና ለማሠልጠን ሁለት ቀን፣ 1,000 ብር። 9 ሱቆች ተመዘገቡ፣ 6 ቆዩ፤ ለእያንዳንዱ ለቆየ 100 ብር ተከፈለ። ድምሩ 1,600 ብር፣ በአንድ ደንበኛ 267 ብር ገደማ።

በቴሌግራም፦ 3,000 ብር። 140 ሰዎች አድራሻውን ነኩ፣ 22 ተመዘገቡ፣ 3 ቆዩ። በአንድ ደንበኛ 1,000 ብር።

የቅናሹን 75 ብር በእያንዳንዱ ላይ ስንጨምር 350፣ 342 እና 1,075 ብር ይሆናሉ። ቴሌግራም በምዝገባ ብዛት ሁለቱንም በልጧል፤ ምዝገባን ብቻ የሚቆጥር ሰው አሸናፊው ይህ ነው ብሎ ይሳሳት ነበር። ሁለቱ ቀሪዎች ደግሞ ከ360 ብር ጣሪያ በታች ሆነው እኩል ይመስላሉ፤ ይሁንና የአከፋፋዩ 1,000 ብር የመነሻ ወጪ ነው፣ በሚቀጥለው ወር አይደገምም። በእግር የሚወጣው ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ሱቅ ይደገማል። የመነሻውንና የሚደጋገመውን ወጪ ለይተው ያሰሉ፤ ሚዛኑን ብዙ ጊዜ የሚያዘነብለው ይህ ነው።

አንድም ሰው ካልቆየስ? እዚህ ላይ የስታቲስቲክስ ቀላል ሕግ ይረዳዎታል፦ 3ን ለሞከሩት ሰው ብዛት ያካፍሉ። ከ50 ሱቆች አንድም ካልተገኘ 3 ለ50 ሲካፈል 6 በመቶ ነው፤ እውነተኛው መጠን ከዚያ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እምነት መናገር ይቻላል። አንድ ሱቅ መጎብኘት 22 ብር ካስወጣ፣ ቅናሹ ሲቀነስ ከጣሪያው በሚቀረው 285 ብር ሲካፈል፣ መንገዱ ለማዋጣት ከ100 ሱቆች 8 ያህል መቆየት አለባቸው። 6 ከ8 ስለሚያንስ ያለ ጥርጣሬ ያቁሙ። 20 ሱቅ ብቻ ጎብኝተው ቢሆን ግን 3 ለ20 ሲካፈል 15 በመቶ ስለሚሆን ምንም መደምደም አይችሉም፤ ይቀጥሉ።

በተቃራኒው 4 እና 6 ትናንሽ ቁጥሮች መሆናቸውን አይርሱ። አንድ ሱቅ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ደረጃው ይገለበጣል፤ ስለዚህ ያሸነፈውን በሌላ ሠፈር፣ ከሌላ አከፋፋይ ጋር አንድ ጊዜ ደግመው ሳይሞክሩ «አገኘሁ» አይበሉ።

ሦስቱም ከወደቁ የት ላይ እንደወደቁ ይዩ። ሰዎች ሰምተው ካልተመዘገቡ መልእክቱን ቀይረው ያንኑ መንገድ ይድገሙ። ተመዝግበው ካልቆዩ ከመጀመርዎ በፊት ወዳለው ክፍል ይመለሱ። ቆይተው ካልከፈሉ ዋጋውን ወይም የአከፋፈሉን መንገድ ይመርምሩ፤ በቴሌብር የለመደን ሰው ባንክ ገብተህ አስገባ ማለት ብቻውን ያስቀረዋል።

ደረጃ 9፦ ያገኙትን መንገድ እስኪጨናነቅ ይግፉ

ሁለተኛው ሙከራ ካረጋገጠልዎ ሌሎቹን ሁለት መንገዶች ያቁሙ፤ የተቀረውን ገንዘብና ጊዜ ሁሉ ወደዚህ ያዙሩ። ከአንድ አከፋፋይ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ይሂዱ እንጂ በአንድ ሳምንት አሥር አይያዙ፤ ማሠልጠንና ማስታወስ የእርስዎ ሥራ ነውና ብዛቱ ከአቅም ሲያልፍ የቆዩትም ይሄዳሉ።

በየሁለት ሳምንቱ የአንድ ደንበኛ ወጪን ያስሉ። ከጣሪያው ላይ ለሁለት ተከታታይ ጊዜ ካለፈ መንገዱ በዚያ ሠፈር አልቋል። በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ይሻገሩ፤ ሐዋሳ ከተዳረሰ ይህንኑ መንገድ ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ከመሄድዎ በፊት በዚያ ከተማ ደረጃ 2ን ከ8 ሰዎች ጋር ይድገሙ፤ የሻሸመኔ ባለ ሱቅ ዕቃውን የሚያመጣውና ምክር የሚጠይቀው ከሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በከተማው ውስጥ የሚቀር ሠፈር ከሌለና ወደ ሌላ ከተማም የማይሄዱ ከሆነ ግን በደረጃ 3 ያስቀመጡትን ወረቀት አውጥተው፣ ያልተሞከረውን ቀጣይ እጩ አዲስ የምንጭ ምልክት ሰጥተው ከደረጃ 5 ይጀምሩ።